የጋሽ ፈንታ መርዶ

ጋሽ ፈንታ አውላቸው ክፉ ነገርን በስሙ ሲጠሩ የሰማ ሰው በቀጋ በር መንደር አይገኝም። ሰው በጠና ቢታመም «ትንሽ ራሱን አሞታል» ይላሉ። በረዶ የዓመቱን ገብስ አውድሞ ቢሄድ «ጠብ ጠብ ብሎ ነበር» ነው የሚሉት። ይህ ለመንዝ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ክፉን በስሙ የጠራ ደጁን እንደከፈተለት የሚቆጠርበት አገር ነው። ጋሽ ፈንታ ግን ከሁሉም ይብሳሉ። ሩቅ አገር የሞተ ሰው መርዶ ሲመጣም ሽማግሌዎቹ ንጋት ላይ እሳቸውን ነው የሚያስቀድሙት። ገብተው ይቀመጣሉ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃሉ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃሉ፤ ሞት የምትለው ቃል ከአፋቸው ሳትወጣ የቤቱ ሰው ራሱ ነገሩ ይገባውና ያለቅሳል። ሐዘንተኛው ኋላ ሲጽናና «እሳቸው ባይነግሩኝ ልቤ ቀጥ ይል ነበር» ይላል።

መብራት ቀጋ በር የገባው ከሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ወዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብልሽት ሲኖር ከተማው ዘመሮ ወዳለው የመብራት ቅርንጫፍ ይደወላል፤ ስልኩን የምታነሣው ብርነሽ የምትባል የዚያው አገር ሴት ነበረች። ጋሽ ፈንታ የእሷን፣ የልጆቿንና የላሟን ደኅንነት ከጠየቁ በኋላ «ሽቦዋ ትንሽ ዘንበል ብላለች መሰለኝ» ሲሏት፣ ብርነሽ ሽቦው መሬት እንደነካ ይገባታል። ስልኩን እንኳ ሳትዘጋ በመስኮት ወደ ግቢው ዞራ የቀጋ በርን መስመር አጥፋ ብላ ጌጡን ትጠራለች። ጌጡ የመስመር ሠራተኛው ነው። መጀመሪያ ያጠፋል፣ ቀጥሎ መሰላሉን ተሸክሞ ይወርዳል፣ ምን እንደሆነ የሚጠይቀው ከደረሰ በኋላ ነው።

ከዚያ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ጥናት መጣ። አጥኚዎቹ ዘመሮ ድረስ ወርደው ብርነሽ ስልክ ስታነሣ ሰዓት ይዘው ለኩ። ከብልሽቱ ይልቅ ሰላምታው ይረዝማል ተባለ፤ ይህ እንኳ እውነት ነው። የመብራቱ ድርጅት የብልሽት ጥሪ መቀበሉን አዲስ አበባ ላለ አንድ የግል ድርጅት በኮንትራት ሰጠው። ብርነሽ ተመስግና ተሸኘች፣ ቅርንጫፉ መስኮት ላይ የነፃ ስልክ ቁጥር ተለጠፈ። ጌጡም ከአዲስ አበባ ትዕዛዝ ሳይደርሰው መስመር እንዳይነካ ተነገረው። አንድ ቀን እንደ ልማዱ በሰው አፍ አምኖ ቢያጠፋ ሥራው የቆመበት ባለ ወፍጮ ከሰሰውና የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው፣ ምን ያድርግ፤ ከዚያ ወዲህ እጁን ሰበሰበ።

ነገሩ የሆነው በአንድ የዘመሮ ገበያ ቀን ነው። ሌሊቱን ንፋስና ዝናብ ሲያደባልቀው አድሮ፣ ገበያተኛው ማልዶ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ፣ ከወንዙ አፋፍ የቆመው ምሰሶ ከሥሩ ተሰብሮ ተጋደመ። እግሩ ከበሰበሰ ቆይቷል፤ ይህን ያላየ የመንደር ሰው አልነበረም። ጋሽ ፈንታ ሲደርሱ ሽቦው ከምሰሶው ወርዶ፣ መንገዱን አቋርጦ፣ እርጥቡ ሣር ውስጥ ገብቶ ነበር። ቦታው ክፉ ቦታ ነው። ከዘመሮ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ እዚያ ሲደርስ በሁለት የድንጋይ ካብ መሐል ይጠብና ወደ ወንዙ ይገባል፤ የሚያስኬድ ሌላ መንገድ ቢኖር በላይኛው ገደል ዙሮ የሚመጣው ብቻ ነው። ሽቦው ከድንጋዩ ጋር ሲነካካ እየተንጫጫ ያጨሳል። የጎረቤታቸው የአረጋሽ በግ ሣር ልትነጭ ጠጋ አለችና ፊታቸው ላይ ድው ብላ ቀረች፣ እግሯን እንኳ አላነሣችም።

ጋሽ ፈንታ ከበጓ ላይ ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው። ልጃቸው ጌታነሽ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ልትሸጥ ገበያ ሄዳለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዘችው፣ እሳቸውንም የያዘቻቸው እሷ ናት። ቀን ሲያዘቀዝቅ ከገበያተኛው ጋር በዚህችው መንገድ ነው የምትመለሰው። ሽማግሌው የአስታ ቅርንጫፍ እየቆረጡ መንገዱን አጠሩና ስልካቸውን አወጡ።

ስልኩ ብዙ ዘፈን ካዘፈነ በኋላ ለስለስ ያለች ድምፅ ጽናት እባላለሁ፣ ምን ልታዘዝ አለቻቸው። ጋሽ ፈንታ ደስ አላቸው፤ ስሟን የነገረች ልጅ የሰው ልጅ ናት። እንዴት እንዳደረች ጠየቋት፣ አዲስ አበባ ዝናብ እንዴት እንደሆነ ጠየቋት። ልጅቷም ሳትቆጣ መለሰችላቸው። ከዚያ ሽቦዋ ትንሽ ዘንበል ማለቷን ነገሯት። የወረዳውን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ የቆጣሪያቸውን ቁጥር ጠየቀችና ወደ ዋናው ነገር ገባች።

«አባቴ፣ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት አለ?»

«ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ለሕይወት የሚያሰጋ ነው?»

«አያምጣው ልጄ። አያምጣው።»

«የለም ልበል?»

«አይኑር ልጄ፣ አይኑር።»

ጽናት ጥሪያቸው መመዝገቡን፣ ተራ ብልሽት ስለሆነ በሦስት ቀን ውስጥ ሠራተኛ እንደሚመጣ ነገረቻቸው። ጋሽ ፈንታ ሦስት ቀን የምትለውን ነገር ለወጉ ያህል የምትባል አድርገው ወሰዷት። አንድ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ አያምጣው ብሎ ሦስት ቀን የሚያስጠብቅ ሰው ይኖራል ብለው እንዴት ያስቡ። ብርነሽ ብትሆን በመጀመሪያው «አያምጣው» ጌጡ መሰላሉን ተሸክሞ ነበር። መርቀዋት ስልኩን ዘጉና በትራቸውን ተደግፈው የጌጡን መምጣት ይጠብቁ ጀመር።

ጌጡ አልመጣም። የመጣው ጎረቤታቸው በኃይሉ ነው፤ አርፍዶ ወደ ገበያ ሲወጣ። ጋሽ ፈንታ በበትር አግደው አቆሙትና በላይኛው ገደል ዙሮ ዘመሮ እንዲሄድ፣ ጌጡን እንዲነግርላቸው፣ ጌታነሽንም ካገኛት በገደሉ በኩል እንድትዞር እንዲያስጠነቅቅላቸው ለመኑት። በኃይሉ ሄዶ ደወለ። ጌታነሽን በገበያው ግርግር ፈልጎ አጥቷታል። ጌጡን ግን አግኝቶታል፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው አለ። የእሳቸው ብልሽት አዲስ አበባ በተራ ብልሽት ስለተመዘገበ እሱ ዘንድ ትዕዛዝ አልደረሰም። ስልኩ የሚጮኸው አንደኛ ደረጃ ሲሆን ነው፤ አንደኛ ደረጃ ማለት ደግሞ ሰው ሲጎዳ ወይም ለሕይወት ያሰጋል ሲባል ነው። ጋሽ ፈንታን ስለ ልጆቼ ብለው ደውለው ያሰጋል ይበሉ በልልኝ ብሎታል።

ጋሽ ፈንታ እንደገና ደወሉ። አሁን ያነሣው ችኩል ወንድ ነው። ሰላምታውን ሳይጨርሱለት የቆጣሪ ቁጥር አላቸው። ጋሽ ፈንታ እንደ ምንም ብለው፣ ቃሉን ከጉሮሯቸው እየጎተቱ፣ ነገሩ እንደሚያሰጋ ነገሩት። ልጁ ጠዋት አያሰጋም ብለው ማስመዝገባቸውን፣ አዲስ ጉዳት ካልደረሰ በቀር እሱ ደረጃውን መለወጥ እንደማይችል፣ ደጋግሞ መደወልም ወረፋውን እንደማያፈጥነው አስረዳቸውና ስለደወሉ አመሰገናቸው። እኔ ይህን ልጅ አልረግመውም። ፊቱ ያለው የኮምፒውተር መስታወት ከሚለው በላይ እንዳይናገር ተከልክሏል፤ ቀጋ በርን አላየ፣ በጓን አላየ፣ ምን ያድርግ። የምረግመው ቢኖር ሰዓት ይዞ ብርነሽን የለካውን ነው።

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ጉም ወረደ። የመንዝን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የገዛ እጅን እንኳ አያሳይም። ጋሽ ፈንታ እስካሁን ከላይ የሚመጣውን ሁሉ ከሩቅ እያዩ በጩኸት ይመልሱ ነበር። አሁን መንገዱ ከፊታቸው ጠፋ። ያጠሩት ቅርንጫፍም የሚያስተማምን አልነበረም። መንገድ ላይ ቅርንጫፍ ያገኘ ገበያተኛ ንፋስ የጣለው ይመስለዋል እንጂ ሞት አለ ብሎ አይቆምም፤ ረግጦት ያልፋል። ሽቦው ደግሞ ረጅም ነው፣ እሳቸው አንድ ሰው ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ተመላሾች አሁን ከዘመሮ ሊነሡ ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ ደወሉ። ያነሣችው ድምፀ ጎርናና ሴት ነበረች። ቁጥራቸውን ተቀብላ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት ስለመኖሩ ጠየቀቻቸው።

«ደርሷል» አሉ ጋሽ ፈንታ።

«ምን ዓይነት ጉዳት?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ በዝናብና በከብት ሲሸፍኑት የኖሩት ቃል ነው። «ሰው ሞቷል» አሉ።

«የሟች ሙሉ ስም?»

ይህን አላሰቡበትም። ስም ይጠየቃል ብለው መች ገመቱ። የማንን ስም ይጥሩ? በኃይሉን እንዳይሉ ትናንት ልጅ ያስጠመቀ ሰው ነው። አረጋሽን እንዳይሉ በጓ መሞቷም ይበቃታል። የሌለ ሰው ስም ፈጥረው እንዳይጠሩ፣ የጠሩት ስም ባለቤት የሆነ አገር ላይ ተቀምጦ ይሆናል። የስልኳ ሴት ጠበቀቻቸው።

«ፈንታ» አሉ። «ፈንታ አውላቸው።»

«እርስዎ ለሟች ምናቸው ነዎት?»

«ጎረቤቱ ነኝ።»

ሴትዮዋ ነፍስ ይማር ብላ መስመሩ አሁኑኑ እንዲጠፋ ትዕዛዝ እንደምታስተላልፍ ነገረቻቸው። ጋሽ ፈንታ ካቡ ላይ ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ ይመጣል፣ ተመዝግቧል ሲባሉ ስለዋሉ ይህንንም አላመኑትም። ሽቦው መንጫጫቱን ትቶ እንደሆነ ጆሯቸውን ጣሉ፤ ወንዙ ይጮኻል፣ ጆሯቸው የሽማግሌ ጆሮ ነው፣ ምንም መለየት አልቻሉም።

ዘመሮ ላይ የሆነውን በኋላ ነው የሰሙት። የጌጡ ስልክ ጮኸ፣ ጌጡ ትዕዛዙን ሰምቶ ሮጦ መስመሩን አጠፋ። ካጠፋ በኋላ ነው የሟቹ ስም ልቡ ውስጥ የገባው። በጋሽ ፈንታ ቤት ስንት ቀን እንጀራ በልቷል፤ ራሱን ይዞ እየጮኸ ወጣ። ገበያው እየተበተነ ነበር። ጌታነሽ ሳይሸጥ የቀረውን ባና እያሰረች ሳለ አባቷ መሞቱን ከሰው ጩኸት ሰማች። ስለ ዝናቡ የጠየቃት የለም፣ ስለ ከብቱ የጠየቃት የለም። የዚያ ሁሉ ሰው መርዶ ነጋሪ የነበሩት ሰው መርዶ ለልጃቸው እንዲህ ራቁቱን መጣ። ባናውን ጥላ ቁልቁል መሮጥ ጀመረች።

ጋሽ ፈንታ መጀመሪያ የሰሙት ድምፅ ብቻ ነው። ከጉሙ ውስጥ አንዲት ሴት እያለቀሰች ትወርዳለች። የማን ሐዘን ይሆን ብለው ጆሮ ሰጡ፤ ስሙ ሲጠራ የራሳቸው ነው፣ ድምፁም የጌታነሽ ነው። ያን ጊዜ ያደረጉት ገባቸው። ሰውን ከሽቦው ላርቅ ብለው ልጃቸውን ዓይኗን ጨፍና ወደ ሽቦው እንድትሮጥ አድርገዋታል።

«ጌታነሽ ቁሚ! አትምጪ!» አሉ።

የሞተ አባቷን ድምፅ የሰማች ልጅ መች ትቆማለች። ይባስ ሮጠች። ከጉሙ ብቅ ስትል ነጠላዋ ወድቋል፣ እግሯ ባዶ ነው፣ ቅርንጫፉን ዘላ አለፈችው። ጋሽ ፈንታ በትራቸውን ዘርግተው ሊገፏት ተነሡ፣ አልደረሱባትም። ሽቦው ቁርጭምጭሚቷን ያዘና በግንባሯ ደፋት፣ ደረቷ ሽቦው ላይ አረፈ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንዲህ ያለ ፍርሃት በሰው ላይ አይድረስ፤ በሕይወታቸው ያልፈሩትን ያን ጊዜ ፈሩት። ሲገልጡ ልጃቸው ጉልበቷ እየደማ በእጇ ተመርኩዛ እየተነሣች ነው። ሽቦው ኃይል አልነበረበትም።

መጥታ ያዘቻቸው። ፊታቸውን ዳሰሰች፣ እጃቸውን ዳሰሰች፣ ከዚያ በቡጢ ደረታቸውን መታቻቸው። እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም።

«አባዬ ምነው? ምን አድርጌ ነው?»

«ማንን ልግደል ልጄ?» አሉ ጋሽ ፈንታ። «ሰው ካልሞተ አናጠፋም አሉኝ። ሌላ የምገድለው ሰው አጣሁ።»

ሁለቱም ካቡ ሥር ተቀምጠው አለቀሱ። ቆይቶ ገበያተኛው ደረሰ፤ በኃይሉና ሌሎች ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመዋል፣ ጌጡ መሰላሉን። ሟቹን ተቀምጦ ሲያገኙት መጀመሪያ የሸሸ ነበር፣ ያማተበ ነበር፣ በኋላ አንዷ ስትስቅ ሁሉም ሳቁ። ጌጡ ብቻ አልሳቀም። መሰላሉን ጥሎ የጋሽ ፈንታ እግር ላይ ወደቀ፣ እሳቸውም ትከሻውን ይዘው አነሡት።

እንዲህ እንዳሉ የጋሽ ፈንታ ስልክ ጮኸ። ጌታነሽ አነሣችውና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው። ያቺ የጠዋቷ ለስላሳ ድምፅ ናት፣ አሁን ግን በለቅሶ ተዘግታለች። የአቶ ፈንታ ቤተሰብ እንደሆነች ጠየቀቻት። ከዚያ መልስ ሳትጠብቅ ተናገረች። ጽናት እንደምትባል፣ የሞታቸውን መዝገብ አይታ እንደደወለች፣ መደወልም እንዳልተፈቀደላት፣ ጠዋት አባታቸውን ሦስት ቀን ይጠብቁ ያለቻቸው እሷ መሆኗን፣ ሰዎቹ ቢሰድቧትም እንደማትቀየም፣ ይቅርታ ካላገኘች ግን ቤቷ ገብታ መተኛት እንደማትችል።

ጋሽ ፈንታ ስልኩን ተቀበሉ። «ልጄ» አሉ፣ «ፈንታ ነኝ።»

«አልሞቱም?»

«አልሞትኩም።»

ልጅቷ ስታለቅስ ሰሙ፣ ስትስቅም ሰሙ። ጋሽ ፈንታ ቆይ እስክትረጋጋ ብለው ጠበቋት። ከዚያ ጥፋቱ የራሳቸውም እንደሆነ ነገሯት፤ ያሰጋል ወይ ብላ ጠይቃቸው ነበር፣ እሳቸው ናቸው በግልጽ ያልመለሱት።

«መልሰውልኛል» አለች ጽናት። «አያቴ የዚያው አገር፣ የግሼ ሰው ናት። ‹አያምጣው› ስትል መጥቷል ማለቷ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን እዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ‹አለ› እና ‹የለም› ብቻ ነው። ሰዓት ይቆጥሩብናል። ‹የለም› የሚለውን ነካሁት።»

ጌጡ መሬት መሬቱን ያያል። ጽናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አሁን ሞቱን ሐሰት ነው ብላ ማረም እንዳለባት፣ ያን ጊዜ በሐሰት ስለደወሉ ስልካቸው ምናልባት እንደሚዘጋ ነገረቻቸው። ጋሽ ፈንታ ስለ ስልኩ አልጠየቁም። የጠየቁት ስለ ምሰሶው ነው፤ ተሰብሮ የተጋደመውን ምሰሶ ምን እንደሚያደርጉት።

«ሰው የሞተበት ከሆነ መስመሩ በሙሉ ይታያል፣ የበሰበሰው ምሰሶ ሁሉ በአዲስ ይለወጣል» አለች።

«ካልሞተስ?»

«ያንኑ አንሥተው ያቆሙታል።»

ጋሽ ፈንታ ቀና ብለው በጉሙ ውስጥ ወደ ወንዙ ማዶ የሚሄዱትን ምሰሶዎች ፈለጉ፤ የሚታየው የቅርቡ ብቻ ነበር፣ እሱም ዘምሟል። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። ጌታነሽ በቀሚሷ ጫፍ የጉልበቷን ደም እየጠረገች ነበር።

«እንግዲያው ሞቻለሁ ልጄ፤ አታርሚው» አሉና ስልኩን ለጌታነሽ ሰጧት።